ፀሐይ በነፃ፣ ገንዘብ በወለድ፦ የታዳሽ ኃይል ገበያ በእነማን እጅ ነው?

ለገና አጎቴ ጋ ስሄድ አንድ የሶላር ፓኔል ጭኜ ነበር። በሬ ሸጠው ገንዘቡን ላኩልኝ፤ እኔ መርካቶ ዞሬ ገዛሁላቸው። መንደራቸው የመብራት ምሰሶ በሩቅ ያያል እንጂ መስመሩ ገና አልደረሰውም። ጣሪያ ላይ ከማውጣታችን በፊት ፓኔሉን ከግድግዳ አስደግፈን ጀርባውን አየን። ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። ኃይሉ 550 ዋት፣ ክብደቱ 28 ኪሎ፣ ከዚያ የቮልቴጅና የአምፒር ቁጥሮች። ከሥር ደግሞ «በቻይና የተሠራ» ይላል። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው።

«ይኼ የማን ነው?» አሉኝ።

«የቻይና ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ አነበብክልኝ። ባለቤቱን ነው የጠየቅኩህ። ከዚህ ነገር የሚጠቀመው ማን ነው?»

የፋብሪካው ባለቤት ነዋ ብዬ አለፍኩ። መልሱ ትክክል አልነበረም። እዚህ ላስተካክለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ታዳሽ ኃይል» ሲባል አንድ ገበያ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች አሉ። አንደኛው ዕቃ ሠሪው ነው። ፓኔል፣ ተርባይን፣ ባትሪ ያመርታል። ሁለተኛው ባለ ጣቢያው ነው። ዕቃውን ገዝቶ ሜዳ ላይ ይተክልና መብራቱን ለዓመታት ይሸጣል። ዜና ላይ «አልሚ» የሚሉት እሱን ነው። ሦስተኛው ባለ ገንዘቡ ነው። ባንክ፣ የጡረታ ፈንድ፣ የመንግሥት አበዳሪ። የዳቦ ምድጃ የሚሠራው፣ ዳቦ የሚጋግረውና ለዳቦ ቤቱ ያበደረው ሰው ለየቅል ናቸው። እዚህም እንደዚያ ነው። እኛ በብዛት የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ስሙ ዕቃው ላይ ተጽፏላ።

ገበያው ምን ያህል እንደሰፋ ለማየት አንድ ዓመት ይበቃል። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እንደመዘገበው፣ በ2024 ብቻ በዓለም 585 ጊጋ ዋት አዲስ የታዳሽ ኃይል አቅም ተተክሏል። የሕዳሴ ግድባችን ሙሉ አቅም 5.15 ጊጋ ዋት ነው። በአቅም ብቻ ከሄድን ከመቶ በላይ የሕዳሴ ግድብ በአንድ ዓመት ተሠራ ማለት ነው። እርግጥ ፀሐይ ሌሊት ስለሌለች የሚወጣው መብራት በዚያው ልክ አይሆንም። ቢሆንም ቁጥሩ ትልቅ ነው። ከ585ቱ 452ቱ የፀሐይ ነው። ከ452ቱ ደግሞ 278ቱን የተከለችው አንዲት አገር ናት፤ ቻይና።

ፓኔሉ እንዴት ቻይና ገባ?

ከአጎቴ ፓኔል እንነሳ። እንጀራ ጤፍ፣ ዱቄት፣ ሊጥ እያለ ምጣድ ላይ እንደሚደርሰው ፓኔልም ደረጃ በደረጃ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከከሰል ጋር በኃይለኛ እቶን ይቀልጥና ሲሊከን ይወጣዋል። ያ ሲሊከን ቆሻሻ አለበት። እሱን ለማጥራት ወደ ጋዝ ይቀይሩትና ከ1,000 ዲግሪ በላይ በጋለ ዕቃ ውስጥ መልሰው ጠጣር ያደርጉታል። የጠራው ፖሊሲሊከን ይባላል። ይኼ ደረጃ መብራት ይበላል፤ ርካሽ መብራት የሌለው አገር አይሞክረውም። ቀጥሎ ፖሊሲሊከኑ እንደገና ቀልጦ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ባለ ረጅም ግንድ ይበቅላል። ግንዱ የአልማዝ ብናኝ በተለበጠ ቀጭን ሽቦ ይሰነጠቃል። የሚወጣው ቁራጭ ዌፈር ይባላል፤ ውፍረቱ ከሁለት ፀጉር ብዙም አይበልጥም። ዌፈሩ በኬሚካል ታክሞ የብር መስመር ሲታተምበት ሴል ይሆናል። ሴሎቹ ተደርድረው በመስታወት ሲታሸጉ ፓኔል ሆኑ ማለት ነው።

በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ የቻይና ድርሻ ከ80 በመቶ በላይ ነው። በፖሊሲሊከንና በሴል ቶንግዌይ፣ በዌፈር ሎንጊና ቲሲኤል ዦንግሁዋን፣ በተጠናቀቀ ፓኔል ጂንኮ፣ ሎንጊ፣ ትሪናና ጄኤ ሶላር ከፊት ያሉ ስሞች ናቸው። ካናዲያን ሶላር የሚባለው ስሙ የካናዳ፣ ምርቱ በአብዛኛው የቻይና ነው። ከዚህ ሰልፍ ወጣ ብሎ የቆመው የአሜሪካው ፈርስት ሶላር ነው። እሱ ሲሊከን አይነካም። ካድሚየም ቴሉራይድ የሚባል ቁስ መስታወት ላይ በስሱ ይለብጣል። ሰንሰለቱ ሌላ ስለሆነ ነው ከቻይናው ጎርፍ የተረፈው።

መነሻው ግን ቻይና አልነበረም። የመጀመሪያው ጥሩ የሲሊከን ሴል በ1954 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ ተሠራ። ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ መብራት የሚቀይረው 6 በመቶ ገደማ ነበር። አሁን ገበያ ላይ ያለው ከ20 በመቶ በላይ ይቀይራል። በ2000 ጀርመን አንድ ሕግ አወጣች። ጣሪያው ላይ ሶላር የተከለ ሰው መብራቱን በጥሩ ዋጋ ለ20 ዓመት እንደሚሸጥ ዋስትና ሰጠች። ፈላጊው በአንዴ ፈላ። ቀድሞ ምሥራቅ ጀርመን በነበረው ክፍል የተቋቋመው ኪው ሴልስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዓለም ትልቁ ሴል አምራች ሆነ።

በዚያው ሰሞን ሺ ዠንግሮንግ የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ ከአውስትራሊያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ በታዋቂው የሶላር ሳይንቲስት ማርቲን ግሪን ሥር ነበር የተማረው። በ2001 ዉሺ ከተማ ላይ ሰንቴክን መሠረተ። በ2005 ኩባንያው የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ገባ። የቻይና የከተማ አስተዳደሮች መሬት ሰጡ፣ ባንኮች አበደሩ፣ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ተሠራ። የገዢው ገንዘብ የጀርመን ነበር፤ ዕቃው ከቻይና ሄደ።

ከዚያ የሆነውን ነገር ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ኪው ሴልስ በ2012 ከሰረ፤ የኮሪያው ሀንዋ ገዛው። የአሜሪካው ሶሊንድራ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ከመንግሥት ዋስትና ካገኘው 535 ሚሊዮን ዶላር ብድር ጋር ወድቋል። ሰንቴክም አልቀረለትም። በመጋቢት 2013 የ541 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ መክፈል አቅቶት ተንኮታኮተ። ሁሉንም ያስጨነቀው አሸናፊም ራሱ ወደቀ ማለት ነው።

ለምን? ፓኔል ከፓኔል ስለማይለይ ነው። ጨው ሻጭ ዋጋውን ከጎረቤቱ 2 ብር ከፍ ካደረገ ማን ይገዛዋል? እዚህም እንደዚያ ነው። ሎንጊ በአልማዝ ሽቦ መሰንጠቅንና አንድ ወጥ ክሪስታል ሲሊከንን ከሌሎች ቀድሞ በድፍረት ያዘና ለጥቂት ዓመታት ገነነ። ሌሎቹም ተከተሉት። አሁን ሁሉም እንደሱ ይሠራል። የአንዱ ብልሃት በሁለት በሦስት ዓመት የሁሉም ይሆናል። የሚቀረው ዋጋ መቀነስ ብቻ ነው።

ዋጋውም ወረደ። በ2010 አንድ ዋት ፓኔል 2 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2024 የፋብሪካ ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ደረሰ። የአጎቴ 550 ዋት ያኔ 1,100 ዶላር ነበር፤ በ2024 ፋብሪካው በር ላይ 55 ዶላር ገደማ ሆነ። ለገዢ በረከት ነው። ለሠሪው ግን መከራ ነው። በ2024 የዓለም ፋብሪካዎች በዓመት ከ1,000 ጊጋ ዋት በላይ ማምረት ይችሉ ነበር፤ ገዢው ይህን ያህል አልነበረም። በዚያ ዓመት ሎንጊ ከ8 ቢሊዮን ዩዋን በላይ፣ ቶንግዌይ 7 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ከሰሩ። ትሪናና ጄኤ ሶላርም ኪሳራ አወጁ። የዓለም ታላላቆቹ እነዚህ ናቸው እንግዲህ።

ስለዚህ «ከዚህ የሚጠቀመው ማን ነው?» ለሚለው የአጎቴ ጥያቄ የፓኔሉ ፋብሪካ መልስ አይሆንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፣ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ለጓደኛዬ ፓኔል ስንገዛ አንድ ሱቅ ውስጥ አታለውናል። ወረቀቱ 550 ዋት ይላል፤ ፓኔሉ ግን ቁመቱ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ትክክለኛ 550 ዋት ፓኔል ቁመቱ ወደ 2.3 ሜትር፣ ወርዱ ከ1.1 ሜትር በላይ ነው። ከካሬ ሜትር የሚገኘው ኃይል 210 ዋት አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ፓኔል ትልቅ ቁጥር ሊሰጥ አይችልም። ወረቀቱን ከማንበባችሁ በፊት ሜትር ዘርጉ።

ንፋሱ ሌላ ዓለም ነው

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ኮረብታው ላይ ነጫጭ ተርባይኖች ሲዞሩ አይቷል። አዳማ አንድ 34 ተርባይን አለው፣ አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው። ማሽኖቹን የሠራው የቻይናው ጎልድዊንድ ነው። በ2015 የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት ነው። እነዚያን ደግሞ ኤክስካቫተርና ክሬን በመሥራት የሚታወቀው ሳኒ ሠራቸው። ለግንባታው ከወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ያበደረው የቻይና ኤግዚም ባንክ ነው። ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ተርባይን እንደ ጨው አይደለም። የአንዱ ክንፍ ብቻ በአዳማዎቹ ወደ 37 ሜትር ይደርሳል። ባሕር ላይ የሚተከለው የዴንማርኩ ተርባይን ሠሪ የቬስታስ ትልቁ ማሽን ክንፍ 115.5 ሜትር ነው፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል። ይኼን በመርከብ፣ በተራራ መንገድ፣ በክሬን ማድረስ ራሱ ሙያ ነው። ከተተከለም በኋላ ለ20 እና ለ25 ዓመት ጥገና ይፈልጋል። የዚህ ገበያ ቁልፍ እዚያ ጋ ነው። ቬስታስ በ1898 ሌም በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ተጀመረ። የመጀመሪያውን ተርባይን የሸጠው በ1979 ነው። ማሽን በመሸጥ ሲከስር ደግፎ የሚያቆመው የረጅም ጊዜ የጥገና ውሉ ነው። በ2022 የብረትና የማጓጓዣ ዋጋ ሲሰቀል ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ከሰረ፤ የጥገናው ክፍል ግን ያን ዓመትም ያተርፍ ነበር።

ሲመንስ ጋሜሳ የባሰ ደረሰበት። በ2023 በየብስ ተርባይኖቹ ላይ የጥራት ችግር ተገኘ። እናት ኩባንያው ሲመንስ ኢነርጂ የዚያን ዓመት ሂሳብ በ4.6 ቢሊዮን ዩሮ ኪሳራ ዘጋ፣ የጀርመን መንግሥትም ዋስ ሊሆነው ግድ ሆነ። ማሽኑን በየዓመቱ እያሳደጉ መሮጥ ጣጣው ይኼ ነው። አንድ ስህተት በሺህ ማሽን ይባዛል። አሰላ አካባቢ በዴንማርክ መንግሥት ድጋፍ የተተከሉት 29 ተርባይኖችም የዚሁ ኩባንያ ሥራ ናቸው።

በቁጥር ብዙ የሚተክሉት አሁን ቻይናዎቹ ናቸው፤ ጎልድዊንድ፣ ኢንቪዥን፣ ሚንግያንግ። አብዛኛውን የሚተክሉት ግን አገራቸው ውስጥ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ገበያው እስካሁን የቬስታስ፣ የሲመንስ ጋሜሳ፣ የኖርዴክስና በ2024 ከጀነራል ኤሌክትሪክ ተነጥሎ ራሱን የቻለው የጂኢ ቨርኖቫ ነው።

ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታ

አሁን ወደ ባለ ጣቢያውና ወደ ባለ ገንዘቡ እንምጣ። እኔ እንደማምነው ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

የአጎቴ ጎረቤት ትንሽ ጄኔሬተር አለው። ማሽኑን በርካሽ ገዝቶ በየሳምንቱ ነዳጅ ይቀዳለታል። ነዳጅ ሲወደድ ያጠፋዋል። አጎቴ ግን የ20 ዓመት መብራታቸውን በአንድ ቀን ከፈሉ። በሬው የሄደው ለ20 ዓመት መብራት ነው። ከእንግዲህ ነዳጅ የለ፣ ወጪ የለ፣ ባትሪ ከመቀየር በስተቀር። ፀሐይም ሆነ ንፋስ ወጪው ሁሉ መጀመሪያ ላይ ነው። በሬ ያለው ይገዛል። በሬ የሌለው ይበደራል። ከተበደረ ደግሞ የመብራቱ ዋጋ የወለዱ ዋጋ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሜጋ ዋት የሶላር ጣቢያ 1 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል እንበል። ጥሩ ፀሐይ ባለበት አገር በዓመት 1.75 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያመነጫል። ገንዘቡ በሙሉ ብድር ነው፣ በ20 ዓመት በእኩል ክፍያ ይመለሳል። ወለዱ 4 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 73,600 ዶላር አካባቢ ነው። ይህ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 4.2 የአሜሪካ ሳንቲም ይደርሳል። ወለዱ 12 በመቶ ከሆነ የዓመቱ ክፍያ 133,900 ዶላር ይሆናል። ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 7.7 ሳንቲም። ፓኔሉ ያው፣ ፀሐይዋም ያችው።

አሁን ደግሞ ፓኔሉን በነፃ ሰጡን እንበል። በዋት 10 ሳንቲም ስለሆነ ከ1 ሚሊዮኑ የሚቀነሰው 100,000 ዶላር ነው። 12 በመቶ ወለድ ላይ ዋጋው ከ7.7 ወደ 6.9 ሳንቲም ይወርዳል፤ አበቃ። ወለዱ ከ12 ወደ 4 ቢወርድ ግን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዋጋ ይነሳል። በዚህ ገበያ ትልቁ ዕቃ ገንዘብ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ትላልቆቹን ባለ ጣቢያዎች በዚህ ዓይን እዩአቸው። የፍሎሪዳው ኔክስትኢራ ከጎኑ ሚሊዮኖች ደንበኛ ያለው የመብራት አገልግሎት ድርጅት አለው። በየወሩ የተረጋገጠ ገቢ ስላለው ባንኮች በዝቅተኛ ወለድ ያበድሩታል። በዚያ ገንዘብ በመላው አሜሪካ የንፋስና የፀሐይ ጣቢያ ይተክላል። በ2020 ለጥቂት ጊዜ የአክሲዮኑ ጠቅላላ ዋጋ ከኤክሶን ሞቢል በልጦ ነበር። የስፔኑ ኢቤርድሮላና የጣልያኑ ኤኔልም የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። መነሻቸው ነባር የመብራት ድርጅት ነው።

ኦርስቴድ የተለየ ታሪክ አለው። የቀድሞ ስሙ ዶንግ ነበር፤ የዴንማርክ ነዳጅና ጋዝ ማለት ነው። በ1991 በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ጣቢያ የተተከለው ቪንደቢ በሚባል የዴንማርክ መንደር አጠገብ ባሕር ላይ ነው፤ 11 ተርባይን ነበረው። ኩባንያው ቀስ በቀስ ከነዳጁ ወጥቶ በ2017 ስሙን ቀየረ፣ በባሕር ንፋስም የዓለም መሪ ሆነ። ከዚያ ኒው ጀርሲ ላይ ተሰበረ። ኦሽን ዊንድ የሚባለውን ፕሮጀክት በ2019 ሲያሸንፍ የወለድ ተመን ዝቅተኛ ነበር። ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ተመኑን ከዜሮ አጠገብ አንስቶ በዓመት ከምናምን ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። ተርባይኑም ተወደደ፣ መርከቡም ዘገየ። በ2023 መጨረሻ ኩባንያው ፕሮጀክቶቹን ትቶ ወጣ፣ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ኪሳራም መዘገበ። ንፋሱ ግን አንድ ቀን አልቀነሰም።

ባሕረ ሰላጤው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከአቡ ዳቢ ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ርቆ አል ዳፍራ የሚባል 2 ጊጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ አለ። በ2023 ተመረቀ፤ ወደ 4 ሚሊዮን ፓኔል አለው። ከባለቤቶቹ አንዱ የአቡ ዳቢው ማስዳር ነው። መብራቱ የሚሸጠው በኪሎ ዋት ሰዓት 1.32 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በረሃው ጠፍጣፋ ነው፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ነው፤ ግን ፀሐይ እኛም አለን። የሚለየው ገዢው የመንግሥት ድርጅት መሆኑ፣ ገንዘቡ ከዶላር ጋር በተቆራኘ ተመን መሄዱና አበዳሪዎች ይከፈለናል ብለው በሙሉ ልብ መተኛታቸው ነው።

በ2019 እኛም ቀርበን ነበር። ሶማሌ ክልል ጋድ ላይና አፋር ክልል ዲቼቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት የሶላር ጣቢያዎች ጨረታ ወጣ። በዓለም ባንክ ፕሮግራም የታገዘ ጨረታ ነበር። ያሸነፈው የሳዑዲው አክዋ ፓወር ነው። ዋጋው 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም። ለአፍሪካ በጣም ዝቅተኛ ዋጋ ነበር፣ ዜናውን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ጣቢያዎቹ ግን አልተተከሉም።

ችግሩን ለመረዳት ያንን 2.526 ሳንቲም ወደ ብር እንለውጠው። ያኔ አንድ ዶላር 30 ብር አካባቢ ነበር። ስለዚህ ኪሎ ዋት ሰዓቱ 76 የኛ ሳንቲም ያወጣል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ስናሰላው ያው መብራት 2.53 ብር ሆነ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሚሰበስበው ብር ነው። ባለ ጣቢያው ደግሞ የተበደረው ዶላር ነው፣ የሚፈልገውም ዶላር ነው። ብሩን ማን ይቀይርለታል? ቢረክስ ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ከጨረታው በኋላ ጦርነቱም መጣ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ አገራችን የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛውም አበዳሪ ወለዱን ከፍ ያደርጋል፣ ወይም እጁን ይሰበስባል።

አዳማ ለምን ተተከለ ታዲያ? መልሱ ያቺ ያዙልኝ ያልኳት ዓረፍተ ነገር ናት። ተርባይኑና ብድሩ ከአንድ አገር በአንድ ላይ መጡ። የአሰላውም ተርባይን ከዴንማርክ ድጋፍ ጋር መጣ። የሕዳሴ ግድብም በዚሁ ሚዛን ይታያል። የውጭ አበዳሪ ስላልተገኘ ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና፣ ከአገር ውስጥ ባንክና ከሕዝብ ቦንድ ተሰበሰበ። ደመወዛችን ላይ በየወሩ ስትቀነስ የነበረችው ገንዘብ በዚህ ገበያ ቋንቋ ባለ ገንዘቦቹ እኛ ነበርን ማለት ናት። በ2011 ተጀምሮ በመስከረም 2025 ተመረቀ።

ባትሪውን በአጭሩ ልንካው። ፀሐይ ስትጠልቅ መብራቱን የሚያቆየው እሱ ነው። ትልቁ ሠሪ በ2011 ኒንግዴ ከተማ የተመሠረተው ካትል ነው። ሁለተኛው ቢዋይዲ ነው። ነዳጅ የሚጠቀም መኪና ማስገባት በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ይህን ስም አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የባትሪ ዋጋም የፓኔሉን መንገድ ተከትሏል። በ2010 የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 115 ዶላር ገደማ ደርሷል። የቀኑን መብራት አቆይቶ ለማታ መሸጥ ስለተቻለ ብዙ የሶላር ጣቢያ አሁን ከነባትሪው ነው የሚተከለው።

ሐዋሳ

የመጨረሻው ነገር ቀረጥ ነው፤ እኛንም በቀጥታ ነክቶናል። አሜሪካ የቻይናን ፓኔል በቀረጥ ስትዘጋው ፋብሪካዎቹ ወደ ቬትናም፣ ታይላንድ፣ ማሌዥያና ካምቦዲያ ሄዱ። በ2025 አሜሪካ በእነዚህ አራት አገሮችም ላይ ቀረጥ ጣለች። በካምቦዲያ አንዳንድ አምራቾች ላይ የተጣለው ከ3,500 በመቶ በላይ ነበር። ይኼ ቀረጥ አይባልም፣ በር መዝጋት ነው። እንግዲህ ሴል የሚሠራ ሰው አዲስ አገር መፈለግ ነበረበት። ርካሽ መብራት፣ የተዘጋጀ ፋብሪካ ሕንፃና ዝቅተኛ የአሜሪካ ቀረጥ ያለው አገር።

መቀመጫው ጃፓን የሆነው ቶዮ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን መረጠ። ፓርኩ በ2016 የተከፈተው ልብስ እየሰፋ ወደ አሜሪካ እንዲልክ ታስቦ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ስትወጣ ሥራው ተቀዛቀዘ፣ ብዙ ወጣት ሴቶችም ከሥራ ወጡ። ቶዮ በ2025 በዓመት 2 ጊጋ ዋት ሴል የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ከዚያም ወደ 4 ጊጋ ዋት ለማሳደግ ቀጠለ። 2 ጊጋ ዋት ማለት የጋድና የዲቼቶ ጣቢያዎች ተደምረው ስምንት እጥፍ ነው፣ በየዓመቱ።

ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት ሐዋሳ ውስጥ፣ በኛ የውሃ መብራት፣ በኛ ልጆች እጅ የሶላር ሴል ይመረታል። ሴሉ ታሽጎ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፣ ፓኔል የሚሆነውም እዚያ ነው። የአጎቴ ጎረቤት ጄኔሬተሩን ሊሸጥ አስቧል፤ ለፋሲካ ስመጣ እንዲህ ያለ ፓኔል እንዳመጣለት ነግሮኛል። እሱም ከቻይና ተጭኖ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ መርካቶ ነው የሚጠብቀኝ።